የፈረመችበት ምንጭ

ውድነሽ ሀብተ ማርያም አሰላ ተወልዳ አሰላ ያደገች የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች። አያቷ ከሸዋ መጥተው ከሰፈሩት አንዱ ናቸው። አባቷ ደግሞ ከከተማው በላይ፣ ጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ቡርቃ ዲማ በሚባል ምንጭ ዙሪያ ሰፊ ርስት ነበራቸው። በ1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ ያ ሁሉ ሄደ። አባቷ አንድም ቃል ሳይናገሩ ዓመት ከመንፈቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ከረሙና አረፉ። ወንድሟ ገብረ መድህን በ1970 ለጥያቄ ትፈለጋለህ ተብሎ ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ቤቱ ለእሷና ለእናቷ ለወይዘሮ በቀለች ብቻ ሆነ።

"የእኛ ቤት ደረቅ ሣር ነው" ይሉ ነበር እናቷ። "አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ።"

በ1973 የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር የሳይንስና የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ የሚመራ ሲፈልጉ ከአስተማሪዎቹ እጁን ያወጣ አልነበረም። ወጣት ሰብስቦ መታየት ያስፈራ ነበር። ማን ምን እንደሚጠይቅ፣ ማን የሰማውን ወዴት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ውድነሽ ግን ተቀበለች። "ዝናብ ወገን የለውም" አለቻቸው ለጠየቋት ሁሉ። ከልቧ ታምነው ነበር።

ሌሎቹ ክበቦች መዝሙርና መፈክር ሲያጠኑ የእሷ ልጆች ይለኩ ነበር። ዝናቡን በቆርቆሮ ጣሳ፣ አፈሩን በጠርሙስ ውሃ እየበጠበጡ፣ ምንጩን በባልዲና በአባቷ የእጅ ሰዓት። አንዲት ሕግ ብቻ ነበረቻት፤ ያላያችሁትን አትጻፉ፣ ያያችሁትን አትሰርዙ። ልጆቹ በዚች ሕግ ይስቁባት ነበር፤ እርስ በርስም በእሷ ድምፅ ይባባሏት ነበር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ቡርቃ ዲማ የወጣችው ያን ዓመት ጥቅምት ላይ ነው፤ ከአሥራ አንድ ተማሪዎች ጋር። አባቷ ርስታቸውን ካጡ ወዲህ እግሯ ረግጦት አያውቅም። ምንጩ አጠገብ የአባቷ ጭሰኛ የነበረ ከዲሮ የሚባል ገበሬ ከሚስቱ ከሀሊሜ ጋር ይኖር ነበር። ሀሊሜ ከበራፏ ወጣ ብላ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ አየቻት።

"የሀብተ ማርያም ልጅ ነሽ?" አለቻት በኦሮምኛ።

"አዎ።"

"መሬቱን ልትለኪ መጣሽ?"

"አይደለም አዴ ሀሊሜ። ውሃውን ነው።"

ሀሊሜ ቀልድ መሆን አለመሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ልጆቹ ዞረች። ልጆቹ ባልዲውን ከምንጩ ሥር አስቀምጠው፣ የጎበጠ ቆርቆሮ አሸንዳ አድርገው፣ አንዱ ሰዓት ይዞ ሲቆጥር አየች። ስምንት ሴኮንድ። ባለ ሃያ ሊትሩ ባልዲ በስምንት ሴኮንድ ሞላ።

"እና አሁን ምን ሆነ?" አለች ሀሊሜ።

"አሁንማ ምንም። በየወሩ እየመጣን እናየዋለን።"

በየወሩም መጡ። ከቡርቃ ዲማ ሲወርዱ፣ ታች መኪና መንገዱ ዳር ያለውን ጨፌ ሚኤሳ የሚባለውን ረግረግ ምንጭ ይለካሉ። በሁለተኛው ዓመት ሀሊሜ የሚመጡበትን ቅዳሜ ለይታ አውቃ ገብስ ቆልታ፣ ወተት በጮጮ ሞልታ ትጠብቃቸው ጀመር። ውድነሽን ባርሲስቱ ትላታለች፤ አስተማሪዋ ማለቷ ነው። ከዲሮም ከብቶቹን እየነዳ ሲያልፍ "ስንት ሆነ ዛሬ?" ብሎ መጠየቅ ለመደ። የባለርስት ልጅና የጭሰኛ ሚስት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ገብስ ሲቆረጥሙ ያየ ሰው በአዋጅ የመጣ ወዳጅነት ይመስለው ይሆናል። በአዋጅ አልመጣም፤ በባልዲ ነው የመጣው። ውድነሽ እነዚያን ቅዳሜዎች ከሕይወቷ ሁሉ አብልጣ ትወዳቸው ነበር።

ከአሥራ አንዱ ተማሪዎች የሚበልጠው ቱሳ ነበር። እሱም የዚያው ተራራ ልጅ ነው፤ አባቱም የአባቷ ጭሰኛ ነበሩ። ሰዓቱን የሚይዘው እሱ፣ ደብተሩን የሚጽፈው እሱ። አንድ ቀን ዝናብ ሲዘንብ ሌሎቹ ዛፍ ሥር ሲጠለሉ እሱ ባልዲውን ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ለክቶ ጠበቃቸው። ትምህርቱን ሲጨርስ የወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገባ። አንደበቱ የተፈታ፣ ጽሑፉ ያማረ፣ አማርኛውም ኦሮምኛውም የሞላ ስለ ነበር ቶሎ ከፍ አለ። ውድነሽ ደስ አላት። ነገር የሚያውቅ ሰው ወደ ወንበሩ ቀረበ ብላ ነበር ደስታዋ።

አምስት ዓመት ለኩ። ሁለቱ ምንጮች ጠባያቸው ለየቅል ነበር። ቡርቃ ዲማ በክረምት ስምንት ሴኮንድ፣ በበጋ አሥራ አራት፤ ከዚያ ወርዶ አያውቅም። ጨፌ ሚኤሳ በጥቅምት ያስጎመጃል፤ ባልዲውን በስድስት ሴኮንድ ይሞላዋል። ታኅሣሥ ላይ ሃያ ሴኮንድ ይሆናል። መጋቢት ላይ ግን ዘጠኝ ደቂቃ። በድርቁ ዓመት በ1977 መጋቢት ልጆቹ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ባልዲው አልሞላላቸውም።

በ1978 መስከረም የመንደር ምሥረታው መጣ። በየኮረብታው የተበተነው ገበሬ በአንድ ቦታ፣ በመስመር፣ ቤቱን እየነቀለ እንዲሰፍር ታዘዘ። ለቡርቃ ዲማ አካባቢ አራት መቶ አባወራዎች የተመረጠው ቦታ ጨፌ ሚኤሳ ሆነ። ሜዳ ነው፤ መንገድ ዳር ነው፤ ቤቶቹ ቀጥ ብለው ሲሠሩ ከመኪና ላይ ጎብኚ ያያቸዋል።

ውድነሽ ይህን ስትሰማ ደብተሩን ይዛ ራሷ ሄደች። ማንም አልጠራትም። የመንደር ምሥረታው ኮሚቴ በተቀመጠበት ክፍል ረጅም ጠረጴዛ ነበር፤ መሀል ላይ ሰብሳቢው፣ ከዳር ቱሳ፤ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆኗል። ቁጥሩን ዘርዝራ አስረዳቻቸው። በመጋቢት ያ ምንጭ ሌት ተቀን ቢቀዳ ለአንድ አባወራ ስምንት ሊትር እንደሚደርሰው፣ እሱም ከብት ሳይጠጣ፣ ልብስ ሳይታጠብ መሆኑን ነገረቻቸው። መንደሩ ካልቀረ ወደ ላይ፣ ቡርቃ ዲማ ሥር ወዳለው ደልዳላ ቢጠጋ ውሃ እንደማይቸግረው ተናገረች።

ሰብሳቢው በጥሞና አዳመጧት። ስትጨርስም ድምፃቸውን አላነሱም።

"ቡርቃ ዲማ የማን ርስት ነበር?"

ውድነሽ ደብተሩን መግለጥ ጀመረች።

"ጓድ ውድነሽ፣ ጠየቅኩሽ እኮ።"

"የአባቴ።"

"ስለዚህ አራት መቶ አባወራ በአባትሽ ርስት ላይ ተሰብስቦ እንዲጠብቅልሽ ትፈልጊያለሽ።"

"እኔ ስለ ውሃ ነው የተናገርኩት።"

"ሁላችንም ስለ ውሃ ነው የምንናገረው" አሉ ሰብሳቢው። "ወንድምሽም አንድ ጊዜ ስለ ዳቦ ነበር የሚናገረው፤ መዝገቡን አይቼዋለሁ።" ከዚያ ወደ ቱሳ ዞረው "ደብተሩን ተቀበላትና የሚጠቅመውን አውጣ" አሉት።

በሦስተኛው ቀን ተጠርታ ሄደች። ቱሳ ብቻውን ነበር። አንድ ገጽ የታይፕ ወረቀት ሰጣት። ጨፌ ሚኤሳ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ ለአምስት ዓመታት በተከታታይ መጠናቱን፣ ሃያ ሊትር በስድስት ሴኮንድ መስጠቱ መረጋገጡን፣ ለታሰበው መንደር ከበቂ በላይ መሆኑን ይናገራል። ከታች ስሟ ተጽፎ የፊርማ ቦታ ተትቷል። ስድስት ሴኮንድ የጥቅምት ቁጥር ነው። ሐሰት የተጻፈ ቁጥር አልነበረም፤ የቀሩት አሥራ አንድ ወሮች ብቻ ናቸው የጠፉት።

"አንተ ነህ የጻፍከው?" አለችው።

ቱሳ መስኮቱን እያየ መለሰ። "ቲቸር፣ እርስዎ ባይፈርሙም መንደሩ እዚያው ነው የሚሠራው። ተወስኗል። ቢፈርሙ ክበቡ ይቀጥላል፤ እናትዎም በሰላም ያድራሉ። ባይፈርሙ ሌላ አስተማሪ ይፈርማል።"

"ሌላ አስተማሪ ምንጩን አልለካም።"

"ለዚህ ነው እርስዎን የፈለጉት።"

እናቷን አሰበች። በረንዳ ላይ የተቀመጡትን አባቷን አሰበች። እውነቱን ለመናገር ክበቡንም አሰበች፤ ቅዳሜዎቹን። አንድ ፊርማ ነው፣ መንደሩ እንደሆነ አይቀርም፣ እኔ ብቆይ ኋላ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍራለሁ ብላ ለራሷ አስረዳች። ፈረመች። ቱሳ ወረቀቱን ሲወስድ ፊቷን አላየም፤ እሷም አላየችውም።

ሰዉ በታኅሣሥና በጥር ወረደ። ቤቱን ፈታትቶ፣ ምሰሶና ወጋግራውን በአህያና በትከሻ ተሸክሞ። የክበቡ ልጆችም አካፋና ዶማ ይዘው ለዘመቻ ወጡ፤ ለቤቶቹ በገመድ መስመር ለኩ። መለካት የሚችሉ ልጆች ተብለው ነው የተመረጡት። ውድነሽ ከእነሱ ጋር ነበረች። ሀሊሜና ከዲሮ ዕቃቸውን ጭነው ሲደርሱ ከሩቅ አየቻቸው፤ ልጆቹን የምታዝ መስላ ወደ ሌላው መስመር ዞረች።

የካቲት ሲያልቅ ምንጩ ቀጠነ። መጋቢት ላይ ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ እንስራና ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቁ ጀመር። ወደ ቡርቃ ዲማ ተመልሶ ውሃ መቅዳት ክልክል ነበር፤ የወጣ ሰው እዚያው ይቀራል ተብሎ ተፈርቶ ጠባቂ ቆሟል። ከብቱም ሰዉም ከረግረጉ መጠጣት ያዘ። ሚያዝያ ላይ ተቅማጥ ገባ። እስከ ግንቦት አጋማሽ አሥራ ሰባት ልጆች ተቀበሩ።

በዚያው ሚያዝያ ውድነሽ ደብዳቤ ደረሳት። የክበቡን አባላት ይዛ ጨፌ ሚኤሳ በመሄድ ስለ ውሃ ንጽሕና ለነዋሪው ትምህርት እንድትሰጥ ታዝዟል። ሄደች። ሰዉ በአዲሱ አዳራሽ ፊት ተሰብስቦ ነበር። ተማሪዎቿ በካርቶን ላይ የተሳለ ድስትና እሳት ከፍ አድርገው ይዘዋል። ውሃ ከመጠጣቱ በፊት መፍላት እንዳለበት በኦሮምኛ አስረዳች። ድምፅዋ ደህና ነበር። ለሰባት ዓመት ያስተማረ ሰው አፉ ልቡን ሳይጠብቅ ይሄዳል።

ሀሊሜ ከሴቶቹ መሀል ተነሣች። ከስታ ነበር።

"በምን እንጨት?" አለች።

ውድነሽ ዙሪያውን አየች። በዚያ ሜዳ ላይ አንድ ዛፍ አልነበረም።

"ባርሲስቱ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለች ሀሊሜ፤ ድምፅዋ እንደነዚያ ቅዳሜዎች የረጋ ነበር። "አንወርድም ብለን ነበር። ከዲሮና ሌሎቹ ሽማግሌዎች፣ እሰሩን እንጂ አንወርድም ብለው ነበር። ስብሰባ ላይ ወረቀት ተነበበልን። ስምሽ አለበት፣ ውሃው ይበቃል ይላል። ከዲሮ ሲሰማ ምን አለ መሰለሽ? ካድሬ ይዋሻል፤ ይህቺ ግን አምስት ዓመት ስትለካው በዓይናችን አይተናል፣ እሷ ከፈረመች እውነት ነው አለ። እንውረድ ያለው እሱ ነው። የልጃችንን ልጅ ትናንትና ቀበርነው። ከዲሮ ዛሬ ያልመጣው ለዚያ ነው። የምጠይቅሽ፣ ለክተሽ ተሳስተሽ ነው ወይስ አውቀሽ?"

ከዳር የቆመው ካድሬ "ጥያቄው ከርዕሱ ውጭ ነው" አለ።

ውድነሽ በዚህ ቃል ተጠለለች። አልመለሰችም። ልጆቹ ካርቶኑን እንደያዙ ቀሩ፤ ከመካከላቸው ቁጥሩን የሚያውቁ ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ አራቱ ወደ ክበቡ አልተመለሱም። ለምን እንደቀሩም አልጠየቀቻቸውም።

ሐምሌ ላይ ሹመት መጣላት። በመንደር ምሥረታው ላሳየችው የሳይንስ ድጋፍ ተብሎ፣ የክፍለ ሀገሩ የወጣቶች የተፈጥሮ ጥበቃ ትምህርት አስተባባሪ ሆነች። የምስክር ወረቀት በጭብጨባ ተቀበለች። እናቷ ወረቀቱን አስከፍተው ካዩት በኋላ "ተመስገን፤ ከእንግዲህ አይነኩሽም" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ማንም አልነካትም።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ዘመኗ ሲወራ ያምራል። ሮቤ፣ አቦምሳ፣ ዴራ እየተመላለሰች በየትምህርት ቤቱ ክበብ አቋቋመች፤ አስተማሪ አሠለጠነች፤ በየክረምቱ በሺህ የሚቆጠር ወጣት ለችግኝ ተከላና ለእርከን ሥራ አሰለፈች። መኪና ተመደበላት። የውሃ ጉድጓዱን ጉዳይ በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ መልስ አልመጣም፤ ሦስተኛ ጊዜ አልጻፈችም። ልኬት ከፕሮግራሙ ወጣ። ማንም እንዲወጣ አላዘዛትም፤ እሷው ናት የሥልጠናውን መጽሐፍ ስታዘጋጅ ያንን ምዕራፍ የተወችው። ስንት ችግኝ ተተከለ ይባላል እንጂ ስንቱ ጸደቀ አይባልም ነበር። አንዴ ሮቤ ላይ እታገኘሁ የምትባል ወጣት አስተማሪ፣ አምና የተከሉትን ቆጥራ ከአሥሩ ሁለቱ ብቻ መጽደቃቸውን ጽፋ አመጣችላት።

"ማን ቁጠሪ አለሽ?" አለቻት ውድነሽ።

"ማንም። ለማወቅ ብዬ ነው።"

"ለማን ልታሳውቂ?"

ልጅቷ ደነገጠች። ውድነሽ ወረቀቱን አጥፋ መለሰችላትና "ለራስሽ ያዢው" አለቻት። ለልጅቷ ተቆርቁራ ይሁን፣ ወይስ የሰብሳቢው ወንበር ወደ እሷ ዞሮ፣ ያኔም ኋላም መለየት አልቻለችም።

በ1981 ኅዳር ላይ ቱሳ ቢሮዋ መጣ። ወደ ሰሜን ጦር ግንባር በካድሬነት ተመድቦ ነበር። ወታደራዊ ልብስ ለብሷል፤ ጸጉሩ ከዕድሜው ቀድሞ ሳስቷል። ለስንብት መምጣቱን ነግሯት ሻይ ጠጣ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ ተጨዋወቱ። ሊነሣ ሲል ወንበሩን ይዞ ቆመ።

"ቲቸር፣ ያን ወረቀት እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ለምን እሺ አሉኝ?"

ውድነሽ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

"ያን ቀን ከመምጣትዎ በፊት ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር" አለ ቱሳ። "እሷ አልፈርምም ካለች እኔም ወረቀቱን ቀድጄ ሌላ አልጽፍም እላለሁ ብዬ። እርስዎን ነበር የምጠብቀው። ያላያችሁትን አትጻፉ ያሉን እርስዎ ነዎት እኮ። ወረቀቱን ሰጥቼዎት መስኮት መስኮቱን ሳይ ልቤ ሊወጣ ነበር፤ አይሆንም ይሉኛል ብዬ። ብዕሩ ሲጫጫር ሰማሁ።"

"አንተ የሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ነበርክ" አለችው። "ከእኔ ምን ትጠብቃለህ? ወንድሜን ያነሣብኝ እኮ አንተ ፊት ነው።"

"ልክ ነዎት" አለ። "እኔም ለራሴ እንደዚያው ነው የምለው።"

እጇን ጨበጣት፤ እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ። የተናገረው እውነት ይሁን፣ ወይስ ሸክሙን ለእሷ አራግፎ መሄድ ፈልጎ፣ ሄዶ ሲመለስ ልትጠይቀው አስባ ነበር። አልተመለሰም። መርዶው በሚቀጥለው ዓመት ለአባቱ ደረሰ። ሽማግሌው ደብዳቤውን ሊያስነብቡ ወደ እሷ ነው የመጡት፤ ልጃቸውን ያስተማረች እሷ ናትና። አነበበችላቸው።

በ1982 መጋቢት ገበሬው በፈለገው ቦታ መኖር ይችላል ተባለ። ሳምንት አልቆየም፤ ጨፌ ሚኤሳ ፈረሰ። ውድነሽ ወደ አቦምሳ ስትሄድ መንገዷ በዚያ በኩል ነበርና ሾፌሩን አስቆመችው። በመስመር ከተሠሩት ቤቶች ግማሾቹ ቆመዋል፤ ግማሾቹ ጉድጓዳቸው ብቻ ቀርቷል። ሰዉ ምሰሶውን ተሸክሞ ሽቅብ ይወጣል።

ሀሊሜ ከአንድ ጎረምሳ ጋር የቤቷን ወጋግራ ታስር ነበር። ከዲሮ ካረፈ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ውድነሽ ሰምታ ለቅሶ አልደረሰችም ነበር። አሁን ቀረበችና ሰላምታ ሰጠች። ሀሊሜ ሰላምታውን በሙሉ መለሰች፤ ጤና እንዴት ነው፣ እናትሽ እንዴት ናቸው፣ አገሩ ሰላም ነው ወይ፤ ከወጉ አንዲት ሳትጎድል። እጇ ግን ከጠፍሩ አልተነሣም።

"አዴ ሀሊሜ" አለች ውድነሽ፤ "ያን ጊዜ የጠየቁኝን..."

"ተይው።"

"አውቄ ነው። አውቄ ነው የፈረምኩት።"

ሀሊሜ ቋጠሮውን ጠበቅ አድርጋ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ውድነሽ ብታገኘው ይሻላት ነበር።

"አውቀሽ መሆኑን ያን ዕለት ዝም ስትይ አውቄዋለሁ" አለች። "አሁን የነገርሽኝ ለእኔ ብለሽ አይደለም።"

ውድነሽ አንዱን ምሰሶ በጫፉ ልትይዝ ጎንበስ አለች።

"እሱ ለሁለት ሰው ነው፤ እኛ እንበቃዋለን" አለች ሀሊሜ። "መኪናሽ ቆሟል።"

ጎረምሳው ከፊት፣ ሀሊሜ ከኋላ ሆነው ምሰሶውን አነሡት። ውድነሽ ጥቂት ካየቻቸው በኋላ ተመልሳ ጋቢና ገባች። ሾፌሩ ሴትዮዋ ምን እንዳለቻት ጠየቃት፤ ኦሮምኛው ብዙም አይገባውም ነበር። "እናቴን ጠየቀችኝ" አለችው። አቦምሳ ስልሳ ወጣቶች ለሥልጠና ይጠብቋት ነበርና መኪናውን አስነሣ።